የጨረሰ መጥቶ ይጠራል

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው።

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። ሰው ፊት ማውራት አይሆንልኝም፤ ስለዚህ ጻፍኩት።

አስፈሪ ነገር በሌሊት ነው የሚመጣው ይባላል። የእኔ ግን በጠራራ ፀሐይ ነው የመጣው። ሐሙስ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ ካርድ ክፍል... መስኮቱ ፊት ለፊት አርባ ሰው ተሰልፎ እያለ።

ከመጀመሪያው ቀን ልጀምር።

ሥራ የገባሁ ዕለት፣ የአንድ በሽተኛ ማኅደር ላወርድ እግሬን መሰላሉ ላይ ሳሳርፍ ከኋላዬ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ሰማሁ።

«ቆዪ እንጂ! ምን ያጣድፍሻል?»

እግሬን መለስኩ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ።

«ይቅርታ ጋሼ... አላወቅኩም ነበር...»

«ኧረ አንቺን አይደለም ልጄ! ሥራሽን ሥሪ።»

ዞር አልኩ። ክፍሉ ውስጥ ከእኔና ከእሱ በቀር ማንም የለም። እሱ ደግሞ የሚያየው እኔን አልነበረም። ጥግ ላይ ያለውን አሮጌ ኮምፒውተር ነበር። ስክሪኑ ላይ ካርታ ተደርድሯል። ሶሊቴር። ሰው ብቻውን የሚጫወተው፣ ያው ሁላችንም የምናውቀው ጨዋታ።

ከካርታ ጋር የሚጣላ ሽማግሌ አገኘሁ ብዬ በሆዴ ሳቅኩ።

ሰዉ ሁሉ «ጋሽ ቆይ» ነው የሚለው። ረጅም፣ ከሲታ፣ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ወራት የቀሩት ሰው። በሽተኛ ሲያጣድፈው «ቆይ»፣ ሐኪም ሲቆጣው «ቆይ»፣ ስልክ ሲጮህ ለስልኩም «ቆይ» ይላል። አንቱ ስለው «አንቱታውን ለሐኪሞቹ አስቀምጪላቸው፣ እነሱ ይጎድልባቸዋል» ብሎ ከለከለኝ።

በሳምንቱ እንደ አባቴ ወደድኩት።

ሥራችን ቀላል ነው። በሽተኛው በመስኮቱ ቁጥሩን ይነግረናል፣ እኛ ማኅደሩን ከመደርደሪያ እናወጣለን። የጠዋቱ ፈረቃ የእኔ ነው፣ ከሁለት እስከ አሥር ሰዓት። ጋሽ ቆይ ሰባት ሰዓት ይገባና ማታ አንድ ሰዓት ላይ ቆልፎ ይወጣል። ቁልፉ ዘበኛው ጋ ያድራል። ጠዋት የምከፍተው እኔ ነኝ።

እና ጠዋት ጠዋት... አንዳንድ ነገር ማየት ጀመርኩ።

ጋሽ ቆይ ለረጅም እግሩ ከፍ የሚያደርገው የኮምፒውተሩ ወንበር ዝቅ ብሎ ይጠብቀኛል።

ማውሱ ከኪቦርዱ በስተግራ ተቀምጧል።

ጋሽ ቆይ ግራኝ አይደለም። እኔም አይደለሁም።

የጽዳቷ ሴትዮ ናት አልኩ። ከተቀጠረች ገና ወር አልሞላትም፣ ቦታውን አልለመደችውም።

«እታለም፣ ይሄን ኮምፒውተር ስትወለውዪ ታነሺዋለሽ እንዴ?»

«እኔ?» አለች መጥረጊያዋን ደረቷ ላይ አስደግፋ። «አንድ ነገር ቢሆን ደሞዜ አይችለውም ብዬ አቧራውን እንኳን ከሩቅ ነው እፍ የምለው!»

አንድ ቀን ልወጣ ስል ስክሪኑን በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። ጠዋት አስተያየሁት።

አንድ ካርታ ቦታ ቀይሯል።

«ጋሼ፣ ማታ ልትወጣ ስትል ትጫወታለህ?» አልኩት ሲገባ።

«በቀን አንድ ካርታ ብቻ ነው የማነሳው። እሱንም ስገባ።» ፎቶውን አየ። ቀና ብሎም እኔን አየ። «ቆይ...» አለ።

ሰኞ ዕለት ሆዱን ይዞ መጣ። ለወራት ያስጨነቀው ሕመም በመጨረሻ ቀን ተቆርጦለታል። ማግሰኞ ይተኛል፣ ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ቀዶ ሕክምና።

«ፎቅ ላይ ነው የሚከፍቱኝ» አለ። «ሠላሳ ዓመት የሰው ማኅደር ስከፍት ኖሬ፣ አሁን ደግሞ የእኔ ተራ።»

ለመሳቅ ሞከርኩ። እሱ ግን አልሳቀም።

«ልጄ ወር ገብታለች። የልጅ ልጄን ታቅፌ ሳልስም የትም አልሄድም። እና አንድ አደራ አለኝ።»

በአገጩ ወደ ኮምፒውተሩ ጠቆመ።

«እስክመለስ ይሄ ጨዋታ እንዳያልቅ።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ...

ሚስቱ እዚሁ ክፍል ትሠራ ነበር። በእኔ ፈረቃ፣ በእኔ ቦታ፤ ያኔ ግን የጠዋቱ ፈረቃ ሰባት ሰዓት ላይ ነበር የሚያበቃው። እሱን ጋሽ ቆይ እንዳሉት እሷን «እትዬ ቶሎ» ነበር የሚሏት። አጭር፣ ግራኝ፣ ችኩል። ጠረጴዛውን በጣቷ ሁለቴ ቆርቆር ሳታደርግ ካርታ አታነሳም። ለሃያ ዓመት እሷ ስትወጣ እሱ ሲገባ በር ላይ ነበር የሚተላለፉት። ስለዚህ አንዱን ጨዋታ ለሁለት ያዙት። ጠዋት እሷ አንድ ካርታ፣ ከሰዓት እሱ አንድ ካርታ።

ሕጋቸውም አንድ ነበር።

«የጨረሰ መጥቶ ይጠራል።»

«ማንን?»

«ሌላውን ነዋ። እሷ ከጨረሰች ማታ ተመልሳ ትመጣና በዚያ መስኮት ብቅ ብላ 'ቶሎ በል!' ትለኛለች። አብረን በእግራችን ወደ ቤት እንሄዳለን።» መስኮቱን አየ። «ሦስት ዓመት ሆናት ከሞተች። ከቀብሯ በኋላ ሥራ ስገባ ጨዋታው እንደተተወ ነበር። ተራው የእሷ ስለነበር አልነካሁትም። በማግስቱ ስገባ ግን ተጫውታለች።»



«ብትዘጋውስ ጋሼ?»

«ዘግቼው ነበር። በማግስቱ ስገባ ከነቦታው ተከፍቶ አገኘሁት።»

«ትፈራታለህ?»

«ሚስቴን?» አለ። «አልፈራትም። ግን ቸኩላለች።»

ጨዋታውን የማታውቁት ካላችሁ፣ ካርታው ሁሉ ከላይ ያሉት አራት ሳጥኖች ውስጥ ከአስ እስከ ንጉሥ በየተራው ሲገባ ያልቃል። የገባውን ግን መልሶ ማውረድ ይቻላል። ነጥብ ያስቀንሳል እንጂ አይከለከልም።

ጋሽ ቆይ ለሦስት ዓመት ሲያወርድ ነው የኖረው። እሷ ትሰቅላለች፣ እሱ ያወርዳል።

«አንቺም እንደዚያው አድርጊ። በቀን አንድ። አደራ ልጄ።»

ማግሰኞ ሁለቱንም ፈረቃ ያዝኩ። ሰባት ሰዓት ላይ አንድ ካርታ አወረድኩ።

ረቡዕ ጠዋት በሩን ከፈትኩ።

ወንበሩ ዝቅ ብሏል። ማውሱ በግራ ነው።

የተሰቀለው አንድ ካርታ አልነበረም... አሥራ አንድ ነው።

አብራው ስትጫወት አንድ አንድ ነበር። እሱ መተኛቱን አውቃለች ማለት ነው። ወይም ከእኔ ጋር ሕግ የላትም።

ሶኬቱን ነቀልኩት። ስክሪኑ ጠፋ። አንድ ማኅደር አውጥቼ ሰጥቼ ስመለስ ገመዱ መሬት ላይ እንደተጋደመ ነው። ስክሪኑ ግን በርቷል። ካርታዎቹ ቦታቸው ላይ ናቸው።

መልሼ ሰካሁት። ለምን እንደሰካሁት አላውቅም። ሳይሰካ በርቶ ከማየው ብዬ ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ ልጠይቀው ወጣሁ። ልጁ ሆዷ ገፍቶ አጠገቡ ተቀምጣለች።

«ስንት ቀረ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ብዙ ነው ጋሼ።»

«ስንት?»

«... አሥራ አራት።»

ዓይኑን ጨፈነ።

«ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት?» አለች ልጁ። «አባዬ፣ እዚህም ተኝተህ ሥራ?»

«የካርድ ነገር ነው» አላት። አልዋሻትም።

ሐሙስ ጠዋት ስገባ የቀሩት አራቱ ንጉሦች ብቻ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ሌሊትን መጠበቅ አላስፈለጋትም። አንዷን ንግሥት አውርጄ ንጉሡ ላይ አስቀምጥና ቁጥር ለመቀበል ወደ መስኮቱ እዞራለሁ። ስመለስ ንግሥቲቱ ተሰቅላለች። እንደገና አወርዳለሁ። እንደገና ትሰቀላለች።

ስትሰቀል አላየሁም። ግን ሁልጊዜ ከመሰቀሏ በፊት፣ ከጀርባዬ፣ እሰማለሁ።

ቆር ቆር።

ስድስት ሰዓት ላይ አንዱ ጥቁር ንጉሥ ገባ። ሰባት ሰዓት ላይ ሁለተኛው። ስምንት ሰዓት ላይ ጋሽ ቆይን ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሲያስገቡት ሦስተኛው ገባ።

የቀረው የልብ ንጉሥ ብቻ ነው።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ማውሱን በቀኝ እጄ ያዝኩ። ንጉሡን ተጫንኩና ከቦታው አነሳሁት፤ ጣቴን ግን አልለቀቅኩም። ካርታው አየር ላይ ተንጠለጠለ። ወደ ላይም አልሄደ፣ ወደ ታችም አልወረደ።

ካልለቀቅኩት አያልቅም። ሌላ ምንም ዘዴ አልመጣልኝም።

መስኮቱ መንኳኳት ጀመረ።

«እህት! ቁጥሬን ልንገርሽ!»

«ይቅርታ... ትንሽ ይጠብቁኝ...»

አንዱ አንገቱን በመስኮቱ አስገብቶ አየኝ።

«ኧረ ጉድ ነው! ሰው ሊሞት ተሰልፏል፣ ልጅቷ ካርታ ትጫወታለች!»

«የባሰ አለ አገርህን አትልቀቅ ማለት ይሄ ነው!» አለች አንዲት እናት፣ ልጇን እንዳዘለች።

ሳቅም ቁጣም ተቀላቀለ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርፀኛል። እኔ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ የማላውቅ ሰው ነኝ። ፊቴ እሳት ሆነ፣ እንባዬ ኪቦርዱ ላይ ጠብ ጠብ አለ። ጣቴን ግን አላነሳሁም።

ማውሱ በቀስታ ወደ ግራ ይጎትተኝ ነበር። ትንሽ ትንሽ። የልጅ እጅ የሚጎትተኝ ያህል።

ጩኸቱን ሰምታ የጽዳቷ ሴትዮ ገባች።

«ምን ሆንሽ የኔ እናት? ለምን ታለቅሻለሽ?»

ልመልስላት ስል የጠረጴዛው ስልክ ጮኸ። አንስታ ጆሮዬ ላይ ያዘችልኝ።

«ካርድ ክፍል?» የነርስ ድምፅ ነው። ትጣደፋለች። «የእናንተ ሰው፣ የሽማግሌው የድሮ ማኅደሩ የለም እንዴ? የመጣልን አዲሱ ብቻ ነው። አንድ መድኃኒት አልስማማ ብሎት ነበር አሉ፣ የተጻፈው ድሮው ላይ ነው። አሁን! በሩጫ!»

ስልኩ ተዘጋ።

የሞሉ ማኅደሮች ያሉት ጓዳ ውስጥ ነው። የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ማኅደሩን ካላደረስኩ ሐኪሞቹ ይገድሉታል። ጣቴን ካነሳሁ ደግሞ... እሷ ትጠራዋለች።

«እታለም፣ ነይ። ጣትሽን እዚህ ጣቴ ላይ አድርጊ። ተጫኚ። አሁን እኔ ሳወጣ እንዳትለቂ።»

«ወይ ጉዴ! ከባልዲና መጥረጊያ ሌላ ይዤ የማላውቀውን...»

«እባክሽ! እስክመለስ እንዳትለቂ። ማንም ቢመጣ!»

«እሺ፣ እሺ፣ ያዝኩት። ሂጂ!»

ንጉሡ አየር ላይ እንዳለ አየሁት። ሮጥኩ።

ጓዳው ውስጥ የጋሽ ቆይን የድሮ ማኅደር ሳወጣ ሌላ ማኅደር ተጣብቆ መጣ፤ የሚስቱ። ሁለቱ አንድ ቀን ካርድ አውጥተው ኖሮ ቁጥራቸው ተከታታይ ነው። የእሷን መልሼ ወረወርኩና ሦስት ፎቅ ደረጃ በሩጫ ወጣሁ። ነርሷ በር ላይ ጠበቀችኝ፣ ከእጄ ነጥቃ ገባች።

ቀና ስል የግድግዳው ሰዓት ዘጠኝ ከሃያ ይላል።

ከበሩ ጀርባ አንድ ማሽን ሳያቋርጥ ጮኸ። ከዚያ ብዙ ድምፅ ባንድ ላይ። «ልቡ! ልቡ!»

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም።

ካርድ ክፍል ስደርስ የጽዳቷ ሴትዮ በር ላይ ቆማ ውጭ የፈሰሰ ውኃ ትወለውላለች።

«ማውሱስ?!»

«ምነው ጮክሽ? ይዛልኛለች እኮ።»

«ማን?»

«ሴትዮዋ ናታ። አጭሯ። መታወቂያ አንጠልጥላለች፣ 'ቦታዬ ነው፣ ቶሎ ልቀቂልኝ' አለችኝ። የእናንተ ሰው ናት ብዬ... በግራዋ ስትይዘው እንኳን 'ኧረ ግራኝ!' ብዬ ቀለድኩባት። ሳቀች። እዚያው ናት እኮ...»

ሁለታችንም ወደ ውስጥ አየን።

ወንበሩ ዝቅ ብሏል። ባዶ ነው።

ስክሪኑ ላይ ካርታዎቹ ከየሳጥኑ እየዘለሉ ይነጥራሉ። ንጉሥ፣ ንግሥት፣ ንጉሥ፣ ንግሥት... ጨዋታ ሲያልቅ እንደሚሆነው።

የጽዳቷ ሴትዮ መጥረጊያዋን ጣለች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የጋሽ ቆይ ልጅ በመስኮቱ ብቅ አለች። ዓይኗ አብጧል። ወደ መስኮቱ ሮጥኩ።

«ተረፈ!» አለች። «ልቡ ለሁለት ደቂቃ ቆሞ ነበር። ተመለሰ! ማኅደሩን ባታደርሺው ኖሮ...»

በመስኮቱ ተቃቅፈን አለቀስን።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው የቆመው?» አልኳት።

«ዘጠኝ ከሃያ። ምነው?»

«ምንም።»

በማግስቱ ጠዋት ኮምፒውተሩ ላይ አዲስ ጨዋታ ተደርድሮ አገኘሁ። አልነካሁትም።

ጋሽ ቆይ በስድስተኛው ሳምንት ሥራ ገባ። ያን ጊዜ የልጅ ልጁ ተወልዳለች፣ ሴት ናት። ልጁ በስልክ ስታወራኝ በደስታ ቃል አጥሯት ነበር።

«አባዬ ሲያቅፋት ብታዪው! ደግሞ እሹሩሩ ይልላታል። ዜማ የማይሆንለት ሰው... እማዬ እኔን የምታባብልበትን ቃል በቃል። ከየት ተማረው?»

እኔም አላወቅኩም አልኳት።

ሲገባ በደስታ ተነሳሁ። ሳመኝ። ከስቷል፣ ሌላው ሁሉ እሱ ነው። መልኩ፣ ድምፁ፣ ጋወኑ።

ኮምፒውተሩ ጋ ሄደ። ወንበሩን ዝቅ አደረገው። ተቀመጠ፤ ጉልበቱ ጠረጴዛውን ነካ። ማውሱን በኪቦርዱ ላይ አሻግሮ ወደ ግራ ወሰደው።

ጠረጴዛውን በጣቱ ሁለቴ ቆርቆር አደረገ።

«ጋሼ...» አልኩ።

«ምን ቆመሻል?» አለኝ ሳይዞር። «ቶሎ በይ እንጂ፣ ሰው ይጠብቃል።»

በዚያው ሳምንት ወደ ጠዋቱ ፈረቃ እንዲዛወር ጠየቀ። ተፈቀደለት። እኔ ወደ ከሰዓት ተዛወርኩ። አሁን ማታ አንድ ሰዓት ላይ የምቆልፈው እኔ ነኝ። ወንበሩን ዝቅ እንዳለ፣ ማውሱንም በግራ እንዳለ ትቼ እወጣለሁ። አልነካቸውም።

ባለፈው ሰኞ የቤቴን ቁልፍ ሥራ ቦታ ረስቼ ጎረቤት አደርኩና በማለዳ መጣሁ። ዘበኛው ቁልፉን ሰጠኝ። በሩን ቀድሜ የከፈትኩት እኔ ነበርኩ።

ወንበሩ ከፍ ብሏል።

ማውሱ በቀኝ ነው።

ከላይ ከገቡት ካርታዎች አንዱ... ወርዷል።

ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ። እሱ ነው። በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ስክሪኑን አየ። ፈገግ አለ።

«አሁንም ቆይ ይላል» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ወንበሩን ዝቅ አደረገ። ማውሱን ወደ ግራ ወሰደ። ጠረጴዛውን ሁለቴ ቆርቆር አደረገና ካርታውን መልሶ ሰቀለው።

እኔም ፈረቃዬ ባይሆንም መስኮቱን ከፈትኩና የመጀመሪያውን በሽተኛ ቁጥሩን ጠየቅኩት።